ሦስተኛው ዝም ሲል

የካቲት 1979 ዓ.ም.፣ የቅበላው ሳምንት ነበር። አባቴ የግቢያችን በር ላይ ደርሶ ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ መምጣቱን አልሰማሁም። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የነበረው ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ያለ ቢሆንም፣ የኛ ቮልስ ገና የቀበናን ዳገት ስትይዝ ለይቼ አውቃታለሁ። ማርሽ ስትቀይር፣ ኩርባውን ስትዞር፣ ከዚያም አስፋልቱን ለቃ ኮረኮንቹ ላይ ስትወጣ በጆሮዬ እከተላታለሁ። እናቴ ወጥ የምታሞቀው በኔ ምልክት ነው። «ማሙሽ፣ የት ደረሰ?» ትለኛለች፤ «ኩርባው ጋ» እላታለሁ። የዚያን ማታ ግን ድስቱ ገና መደርደሪያው ላይ እያለ ክላክሱ ጮኸ።

አባቴ ፊቱ በርቶ ወረደ። «ሰማችኋት?» አለን።

«አልሰማንም» አልነው።

«እኔስ ምን እያልኩ ነው!» አለና የኋላውን ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

የደስታው ምክንያት ገብቶኛል። ለወራት ያህል ቮልሷ ታንኳኳ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ «ተክ ተክ ተክ» ታሰማለች፤ ሞቃም አትተወውም። አባቴ ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን እየጫነ አራት ኪሎ ድረስ ይወስዳቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በገቡ ቁጥር መኪናህ ሲንጀር የስፌት መኪና ሆነች ይሉታል። ያ ቃል እየከነከነው ከተማ መሀል ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። «ድምፁን አጥፉልኝ» አላቸው፤ አጠፉለት።

ያን ጊዜ ቮልስ በአዲስ አበባ ምን እንደነበረች ለዛሬ ወጣት ማስረዳት ይከብዳል። የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የቢሮ ሹሙም መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስዋገን ናት። አባቴ ይህን የሚያነሣው መኪናዋ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነው፤ ያኔም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የኛዋ 1300 የሚሏት ዓይነት ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ ከላያቸው ያለው ማራገቢያ አየር ይነፋባቸዋል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ብዙ የማትጠጣ መኪና ማግኘት ራሱ እፎይታ ነበር።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚያ ዓመት ቀኑ ሰኞ ዋለ፤ ዐቢይ ጾም የገባበት ሰኞ። አያቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የምታስገባው ስለት ስለነበራት አባቴ ፈቃድ ጠይቆ ቀረ። ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አያቴ ከፊት፣ እኔና እናቴ ከኋላ፤ ጧፉና ጃንጥላው ጭኔ ላይ።

ወደ አስፋልቱ መውጫው ላይ፣ በባሕር ዛፍ አጥር ሥር፣ የሰፈራችን መካኒክ ይሠራል። ጋራዥ እንዳልለው አጥርና ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ምልክት የሚባል ሰሌዳም አልነበረውም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ እዚያው አካባቢ አሉ። ሁላችንም ጋሼ እንለው ነበር፤ በዕድሜ አባቴን በሃያ ዓመት ይበልጠዋል። ካፖርቱን ደርቦ በር ላይ ቆሞ ስናልፍ ሰማና እጁን አነሣ። አባቴ ቆመ።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለው በመስኮቱ።

«ታከመች፣ ጋሼ። ሰማሃት?»

«አልሰማኋትም። እኮ ምን አድርገሃት ነው?»

አባቴ ሳቀና እንደማንቆይ ነገረው። ጋሼ ግን አልሳቀም። ስንርቅ በኋላ መስኮት ዞሬ አየሁት፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሁንም ወደኛ ያዳምጥ ነበር።

በስድስት ኪሎ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል አድርገን ሽሮ ሜዳ ደረስን። እስከዚያ ደኅና ነበረች። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ እየተጠማዘዘ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚተነፍስ ሞተር ጋር ሲወዳደር ከተማው ላይ ሩብ ያህል አየር ይጎድላል፤ እንጦጦ ላይ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የእንጦጦ ሾፌር ያውቀዋል። በመንገዱ ዳር ኮፋኗቸውን ከፍተው በእንፋሎት ተከበው የቆሙ መኪኖች ነበሩ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቮልስ ውኃ ስለሌላት አትፈላም። አባቴ በየዓመቱ እነሱን ሲያልፍ የሚሰማው ኩራት ነበረው።

ያን ዕለት ኩራቱ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ አለቀ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ አወረዳት። ድምፅ የለም፤ ጉልበትም የለም። ሸክም ያደረባት አህያ ትመስል ነበር፤ እግሯን ታነሣለች እንጂ አትራመድም። «ከፍታው ነው» አለ አባቴ። ጥቂት ሄድንና «ከፍታው ነው» አለ እንደገና። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል እየወረዱ ነበር፤ አያቴ በመስኮት ስታያቸው ቆየችና «ልጄ፣ እኔ ልውረድላት? ሸክሙ ይቅለላት» አለችው። አባቴ መልስ አልሰጣትም። ደረስን፤ ስለቱም ገባ። ቁልቁል ስንመለስ ግን ማርሚታው «ፕፍ» ይል ጀመር። በየመሀሉ፣ ዜማ በሌለው መንገድ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ጋሼ በር ላይ አቆማት።

ያን ከሰዓት ያየሁትን ዛሬም አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ጋሼ መፍቻ አላነሣም። መጀመሪያ ጠየቀ። ድምፁ የጠፋው መቼ ነው? ከመጥፋቱ በፊት ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ የምታንኳኳው? ቆማ ስትሠራ ትደክማለች ወይስ ዳገት ላይ ብቻ? ቤንዚን ስትሰጣት ይሻላታል ይብስባታል? አባቴ ሲመልስ ጋሼ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይሰማል። ከዚያ «አስነሣት» አለ።

ቆማ ስትሠራ ትንገዳገድ ነበር፤ ሦስት ጊዜ በደንብ ተንፍሳ አራተኛው ላይ እንደ መርሳት ትላለች። ጋሼ ከኪሱ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ አወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዘው። ደኅና ሞተር ወረቀቱን ወደ ውጪ ብቻ ይገፋዋል። የኛዋ ግን ትገፋና ድንገት መልሳ ትስበዋለች፤ ወረቀቱ ቱቦው ላይ ይለጠፍና ይላቀቃል። አባቴን ቀና ብሎ አየው። አሁንም ምንም አላለም።

ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶችን በጨርቅ እየያዘ አንድ በአንድ ነቀለ። የመጀመሪያውን ሲነቅል ሞተሩ ደንገጥ አለ፤ መለሰለት። ሁለተኛውን ነቀለ፤ ደነገጠ። አራተኛውን ነቀለ፤ ልትጠፋ ደረሰች። ሦስተኛውን ነቀለ። ምንም። ድምፁ እንደነበረው ቀጠለ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር መኖርና አለመኖሩ ለሷ አንድ ሆኗል።

«አጥፋት» አለው። «ነገ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳያገኛት እመጣለሁ።»

በማግስቱ የመጣው ሳይነጋ ነው። የቮልስ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ እጅ የሚያሞቅ ሙቀት ካለ ልኩ ይዋሻል። እኔ ፋኖስ ያዝኩለት። ከሥር ገብቶ ሁለቱን የቫልቭ ክዳኖች ከሽቦ መያዣቸው አላቀቀ፤ ጥቁር ዘይት ጣቱ ላይ ተንጠባጠበ። የቺንጋውን መዘውር፣ ፑሌጃውን፣ በእጁ አዙሮ ምልክቱን የሞተሩ ቤት ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር አስተካከለና ከአንደኛው ጀመረ። ምላጭ የሚያህል ስስ የብረት መለኪያ አለው፤ የሱ ልክ 0.15 ሚሊ ሜትር ነበር። ያን በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መሀል ያስገባዋል፤ ሲስበው ትንሽ ያዝ ካደረገ ልክ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ፑሌጃውን የሚያዞረው ወደ ኋላ ነው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በአንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ሲዞር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሆነው ይመጡለታል። ይህን ሲነግረኝ የጸሎት ቅደም ተከተል የሚነግረኝ ያህል ተጠንቅቆ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከሥር እጄን ሳበና መለኪያውን ሰጠኝ። «አስገባው» አለኝ። ሞከርኩ፤ አልገባም። ጠጉር የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው አባቴን ጠርቶ የነገረው። «የሚያንኳኳ ቫልቭ እያናገረህ ነው። ክፍተቱ ሰፍቶ ክንዱ ይመታዋል፤ ይጮሃል፤ ግን ይዘጋል። ዝም ያለውን ፍራ። ድምፁን ላጥፋልህ ያለው ሰው ክፍተቱን ጨርሶታል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። መርዘሚያ ካጣ አይዘጋም፤ ካልዘጋ እሳቱ በጎኑ ያልፋል። ይበላዋል።»

ነገሩን በኋላ በመጽሐፍም አነበብኩት፤ ጋሼ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተቀምጦ በሚዘጋበት ቅጽበት፣ መቀመጫውን ሲነካ ነው። መቀመጥ ካልቻለ ማቀዝቀዣ የለውም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የተበደለ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሳጥን ውስጥ በሱ አናት ላይ ስለቆመ፣ ሌሎቹ ጥሩ ነፋስ ሲያገኙ እሱ የተረፈውን፣ ያውም የሞቀውን ያገኛል። ቮልስዋገን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ከዚያ አውጥቶ ለብቻው ቤት እስኪሠራለት ድረስ ይህ የሞተሩ የታወቀ ደካማ ጎን ነበር። የኛዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

ሞተሩን አወረዱት። ቮልስ በዚህ ደግ ናት፤ ሞተሯ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ጋሼና ረዳቱ በክሪክና በአንድ ወፍራም ሳንቃ 110 ኪሎ የሚያህለውን ብረት እንደ ሕፃን አስተኙት። የሲሊንደሮቹ አናት፣ ቴስታታው፣ ተነሣ። ቫልቩን አወጣና መዳፌ ላይ አኖረው። ዙሪያውን ክብ መሆን የነበረበት ጠርዝ በአንድ ጎን ተበልቷል፤ ልጅ የነከሰው ቂጣ ይመስል ነበር። ከአንገቱ ላይ ደግሞ በጥፍር የሚዳሰስ ስንጥቅ ጀምሯል። ያ አናት ቢቆረጥ ፒስተኑ ላይ ወድቆ በአንድ ደቂቃ ሞተሩን ያደቀዋል። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ፣ አያቴ ከፊት ተቀምጣ።

አባቴ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጠ። «ድምፁን አጥፉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ጋሼ አላጽናናውም፤ አልወቀሰውምም። አሮጌ ቫልቭ እንዳይገዛ ብቻ አስጠነቀቀው፤ «ሌላው ሁሉ ካገለገለ ይግባ፤ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግን አዲስ ነው የሚሆነው»። አባቴ ሶማሌ ተራን ሦስት ቀን ዞሮ አገኘው። በሁለተኛው ሳምንት ቮልሷ ተመለሰች፤ ስትነሣም «ተክ ተክ» አለች። እናቴ ከዚያ ማታ ጀምሮ ወጡን በሰዓቱ ታሞቅ ነበር።

በዚያ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጋሼ ዘንድ መዋል ጀመርኩ። ለሥራ ሳይሆን ለመስማት። ረጅም እጀታ ያለው ካቻቢቴ ነበረው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርገዋል። የብረቱ ድምፅ በካቻቢቴው ይወጣል። «አየር ላይ የምትሰማው የሁሉም ጫጫታ ነው» ይለኛል፤ «ብረት ላይ የምትሰማው የአንዱ ነው።» ለኔም ሰጠኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝም ብሎ ድብልቅልቅ ነበር። ሳምንታት ፈጀብኝ።

ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከላይ የሚመጣ ከሆነ ቫልቭ ነው። ስትቀዘቅዝ የሚንቋቋና ስትሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ላልቷል፤ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ አትሸበር። ቤንዚን ስትሰጣት «ጭስ ጭስ» የሚል፣ ስትተዋት የሚቀንስ ከሆነ ጓርኒሲዮን ተቀዷል ወይም ካንዴላ ላልቷል። ከባድ፣ ከሥር የሚመጣ፣ ሞቃ ቤንዚኑን ለቀቅ ስታደርግ «ዱቅ ዱቅ» የሚል ከሆነ ቢየላ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዳት። ፑሌጃውን ጨብጠህ ግፋው፣ ሳበው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንኳኳ ከሄደ ሞተሩ ይከፈታል፣ ወሬ የለውም።

እነዚህን ቃላት ስናወራ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቢየላ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፤ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ጋሼ በልጅነቱ ፒያሳ አንድ ከ1933 በኋላ የቀረ ጣልያን ዘንድ ብረት ያጥብ ነበር፤ ቃሉንም ሙያውንም ከዚያ አመጣ። የጀርመንን መኪና በጣልያን ቃል ያክማል፤ መኪናዋን የሚያናግራት ግን በአማርኛ ነው። ስትነሣለት «ተመስገን» ይላል።

አንድ ቀን አንዲት መምህርት ከኮተቤ መጣች። ሌላ ቦታ ቢየላ ነው፣ ሞተሩ ይወርዳል ብለዋታል፤ የጠየቋት ገንዘብ ከወራት ደመወዟ ይበልጣል። ዓይኗ ቀልቷል። ጋሼ ካቻቢቴውን አስቀመጠና ሰማ፤ ከዚያ ቺንጋውን አወለቀ። የቮልስ ቺንጋ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞር አንድ ነው፤ ያለሱ ሞተሩ ስለሚቃጠል ብዙ ማሠራት አይገባም። ቺንጋው ተበጥሶ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ብዙ ሰው ባትሪ አልሞላም ብሎ የሚቀጥለው፣ ማቀዝቀዣው መጥፋቱን ሳያውቅ ነው። ያለ ቺንጋ አስነሣት። ዱቅታው ጠፋ። የዲናሞው ኩሽኔታ ነበር። መምህርቷ ነገሩ እስኪገባት ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሥሯ ያለ ወንፊት ብቻ ነው፣ የምትይዘውም ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ያን ወንፊት ሲያወልቅ ጋሼ ፀጥ ይላል። አንድ የጡረተኛ መኪና ላይ አውልቆ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ወንፊቱ ላይ ያለቀ ብሮንዚና ፍቅፋቂ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። ምንም አልተናገረም። ወንፊቱን ለሰውየው ሰጠውና ሻይ አስመጣለት።

ጋሼ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነ። የባሕር ዛፍ አጥሩም የለም። እንጦጦ ከመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ነው፤ ወጣቶች ለሩጫና ለቡና ይወጡበታል። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሯም 21,529,464 ነበር። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በመገናኛ ሳልፍ አሁን በአጠገቤ የሚሄዱት መኪኖች ጎማቸው ብቻ ነው የሚሰማው። ጥሩ ናቸው፤ አየሩም ይጠራል። ጋሼ ካቻቢቴውን የት ላይ ያሳርፍ ነበር እያልኩ ግን አስባለሁ።

የአባቴ ቮልስ እኔ ዘንድ ናት፤ አሁን ኮተቤ ነው የምኖረው። የተበላው ቫልቭ የዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ክዳኖቹን አወልቃለሁ። ልጄ መብራት ትይዝልኛለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መለኪያው ያዝ ሲያደርግ የሚሰማትን ከኔ ቀድማ ትናገራለች።

ቮልስ ያላችሁ፣ ሰሞኑን መኪናችሁ ዝም ካለችባችሁ እስከ ነገ ጠዋት አታስነሷት። ስትቀዘቅዝ ለኩላት፤ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ለኩት።